«ያው ነው» የሚባል ቀለም የለም

ቤት ያሳደሰ ወይም ሲታደስ የተመለከተ ሰው ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። ግድግዳው ስቱኮ ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ካበቃ በኋላ ቀለም ወደ መምረጡ ይገባል። ደማቁ ቀይ፣ ብርቱካኑና ሐምራዊው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይወድቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ብቻ ይቀራሉ። አንዱ ክሬም፣ ሌላው የዝሆን ጥርስ ይባላል። ወይም ደግሞ አንዱ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሌላው ከሱ ትንሽ የነጣ ግራጫ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ይሄኛው ይሻላል» ሲል ግማሹ «ያኛው» ይላል። ከመሀል አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው፣ «ኧረ ባካችሁ፣ ሁለቱም ያው ነው!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ያው ነው» የምትለዋን ቃል መሞገት ነው። በኔ አስተያየት በሁለት ተቀራራቢ ቀለሞች መካከል መምረጥ የሚከብደን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቀለሞቹን የምናያቸው ወደፊት በማይኖሩበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ስንወስን ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚውለውን ሰው አንጠይቅም። እነዚህ ሁለቱ ቢስተካከሉ አብዛኛው ክርክር በሁለት ቀን ውስጥ ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

«በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ክሬም ቀለም ይጻፋል እንዴ?» የሚል የክፍል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለኔ ግን ጉዳዩን ቁም ነገር ያደረገው ራሱ ውድነቱ ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ቀለሙ ካልጣመው በሚቀጥለው ወር ያስቀይረዋል። ተበድሮና ተለቅቶ ቤቱን የሚያስቀባ ሰው ግን ከዚያ ግድግዳ ጋር ዓመታት ይኖራል። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2.80 ሜትር የሆነች ሳሎን አራቱ ግድግዳዋ ሲደመር 44.8 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 40 ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 80 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን 8 ሊትር ይፈልጋል፤ ከሁለት ጋሎን ትንሽ ያልፋል። የቀቢው የእጅ ዋጋ አለ፣ ስቱኮው አለ፣ አልጋና ቁምሳጥን ጎትቶ የማውጣትና የማስገባት ድካም አለ። ይህን ሁሉ «ያው ነው» ብሎ መድፋት ለኔ ቁጠባ አይመስለኝም።

ደሞ እኛ የቀለም ጥቃቅን ልዩነት የማይገባን ሕዝብ አይደለንም። ማኛ ጤፍን ከነጭ፣ ነጩን ከሰርገኛ የማይለይ የቤት እመቤት የለችም። ዶሮ ሲገዛ ገብስማው ከወሰራው ተለይቶ ዋጋ ይቆረጥለታል። ዳለቻ በሬ ዳለቻ ነው እንጂ «ነጭ ነገር» አይባልም። ሰው ስንገልጽ እንኳ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን በአንድ ፀጉር ልዩነት እንከራከራለን። ሽሮ ሜዳ ሄዳ ለቀሚስ ጥለት የምትመርጥ ሴት ምን እንደምታደርግ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱን ጥለቶች ይዛ ከሱቁ ደጃፍ ትወጣለች። «ቆይ በፀሐይ ልየው» ትላለች። ባለሱቁም አይቀየማትም። የሱቅ መብራት እንደሚያታልል እሱም ያውቃል። ከነጠላው ጋር አስጠግታ፣ ከፊቷ ጋር አስተያይታ፣ አብራት የመጣችውን እህቷን ጠይቃ ነው የምትወስነው። እንግዲህ ይህች ሴት ቀለም የመምረጥን ዘዴ ጠንቅቃ ታውቃለች ማለት ነው። የሚገርመኝ ይህንን ጥንቃቄ አንድ ቀን ለሚለበስ ቀሚስ አድርገን፣ ለዓመታት ለሚያየን ግድግዳ መንፈጋችን ነው።

የቀለም ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ካታሎጉ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ቀለም የክብሪት ሳጥን በማያክል ቦታ፣ ነጭ ወረቀት ላይ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ነው የሚታየው። ቤታችን ውስጥ ግን ያ ቀለም ክብሪት ሳጥን አያክልም፣ ዙሪያውም ነጭ ወረቀት የለም፣ መብራቱም ሌላ ነው። በዚያ ላይ አራት ግድግዳ አንድ ዓይነት ቀለም ሲቀባ አንዱ የሌላውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅበት ቀለሙ ከካታሎጉ ይልቅ ይበረታል። ካታሎግ ላይ «ምንም የሌለው» የሚመስል ክሬም ክፍል ውስጥ ሲገባ ቢጫ ሆኖ የሚያስደነግጠን ለዚህ ነው። የቀለም ሰዎች «ሁለት ተቀራራቢ ቀለም ካምታታህ የነጣውን ውሰድ» የሚሉትም ከዚሁ ተነሥተው ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንደማይሠራ ወደ ታች አሳያለሁ።

የፀሐይን ነገር በተመለከተ ከውጭ የሚመጡ የቤት ማስዋቢያ መጽሔቶችን እንዳለ መቅዳት አይጠቅመንም። እነሱ «መስኮቱ ወደ ሰሜን የሆነ ክፍል ብርሃኑ ቀዝቃዛና ሰማያዊ ስለሚሆን ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት» ይላሉ። ለፓሪስ እውነት ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው የምትገኘው። እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ለኛ ከሰሜንና ደቡብ ይልቅ ምሥራቅና ምዕራቡ ይበልጣል። ወደ ምሥራቅ የሚከፈት መኝታ ቤት ጠዋት ወርቅ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ይደበዝዛል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆዝሞ ይውልና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነድዳል። አንዱ ክሬም በነዚህ ሁለት ክፍሎች ውስጥ አንድ ቀለም አይደለም። የክረምቱን ደመና ስንጨምርበት ደግሞ የሐምሌው ግድግዳና የጥቅምቱ ግድግዳ ይለያያሉ።

ማታስ? አብዛኞቻችን ቤታችንን በደንብ የምናየው ማታ ነው። ቀን ሥራና ትምህርት ላይ ነን። ዛሬ ከየሱቁ የምንገዛቸው የኤልኢዲ አምፖሎች ካርቶናቸው ላይ 3000 ወይም 6500 ኬልቪን የሚል ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ትንሹ ቁጥር ቢጫ ያለበት ብርሃን ሲሆን ትልቁ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። በ3000ው ሥር ክሬሙ ይሞቃል፤ በ6500ው ሥር ታጥቦ የደረቀ ይመስላል። ሌላም ነገር አለ። ሁለት ቀለሞች በተለያዩ ማቅለሚያዎች ከተሠሩ በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ፍጹም አንድ መስለው፣ መብራቱ ሲቀየር ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ የታወቀ የቀለም ሳይንስ ነው። ስለዚህ «ሱቅ ውስጥ ሁለቱም አንድ ነበሩ» የሚለው አቤቱታ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ አንድ ነበሩ፣ ቤት ግን ሁለት ሆኑ።

ይህ ነገር ዓይንን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም የሚነካ መሆኑን ያሳየን አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ይባላል። በ1824 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የምንጣፍና ጥልፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሠራተኞቹ ጥቁሩ ክር ከሰማያዊ ጎን ሲሠራ ይደበዝዛል የሚል ቅሬታ ነበራቸው። ሼቭረል ክሩን ሲመረምረው እንከን አላገኘበትም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ቀለም ነበር። በ1839 ባሳተመው መጽሐፉ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች ዓይናችን ላይ አንዱ ሌላውን እንደሚለውጡ አስረዳ። ለኛ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? ሁለቱን ናሙናዎች አጣብቀን ከቀባናቸው ልዩነታቸው ከመጠን በላይ ይጋነናል፤ ለየብቻ ካየናቸው ደግሞ የመጀመሪያውን ዓይናችን ይረሳዋል። አሮጌው ግድግዳ ውሃ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ በላዩ የሞከርነው ክሬም ሁሉ ቢጫ ይመስላል። ክሬሙን ከማማት በፊት አሮጌውን ሰማያዊ መሸፈን ይቀድማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መፍትሔው ውድ አይደለም። ከሁለቱም ቀለም ጥቂት ጥቂት አስቀድቶ ሁለት ትልልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ዳር ዳሩን ነጭ መተው፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሚጠቁር በእርጥቡ መፍረድ አይገባም። ካርቶኖቹን መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ማእዘኑ ላይ እያዘዋወሩ ማየት። ጠዋት ማየት፣ ቀትር ላይ ማየት፣ ማታ በራሳችን አምፖል ማየት። መብራት ከጠፋም ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ በሻማም ይታይ። ከሶፋው፣ ከመጋረጃውና ከወለሉ ጋር ማስተያየት። እንዲሁም አንዱ አብረቅራቂ፣ ሌላው ደብዛዛ እንዳይሆን መጠንቀቅ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የግድግዳቸውን የታችኛውን ግማሽ በዘይት ቀለም፣ የላይኛውን በውሃ ቀለም ይቀባሉ። ቀለሙ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የሚያብረቀርቀውና የማያብረቀርቀው ሁለት ቀለም መስለው ይታያሉ።

የኛን ቤት እንደ ምሳሌ ላንሳ። ባለፈው ዓመት ሳሎናችን ሊቀባ ሲል እናቴ የዝሆን ጥርሱን፣ ታላቅ እህቴ ክሬሙን ያዙ። አባቴ «ያው ነው» አለ። ካርቶኖቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ሁለት ቀን ቆዩ። እናቴና እህቴ በየሰዓቱ እየመጡ ያዩአቸዋል፣ ይከራከራሉ። አያቴ ከሶፋው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ቀኑን ሙሉ እዚያች ሳሎን ውስጥ የሚውሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ ስንወጣ ይሸኙናል፣ ስንገባ ይቀበሉናል። ማንም ግን «እማማ፣ እርስዎስ?» ብሎ አልጠየቃቸውም ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ራሳቸው ተናገሩ። የዝሆን ጥርሱን ካርቶን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ይሄኛው ማብሪያውን ይውጠዋል» አሉ። ዞር ብለን ስናይ እውነታቸውን ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ነጭ ነው፤ የበሩ መቃንም ነጭ ነው። ነጣ ባለው ቀለም አጠገብ ሁለቱም ይጠፋሉ። ትንሽ ጠቆር ባለው ክሬም አጠገብ ግን ይለያሉ። እኛ ማብሪያውን በልማድ ስለምናገኘው ልብ አላልነውም። እሳቸው ማታ ማታ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር የሚፈልጉት።

ይህ የእርጅና ምኞት አይደለም፣ ምክንያት አለው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቀስ በቀስ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ሰማያዊ ብርሃንን በቅጡ ስለማያሳልፍ በነጭና ቢጫ ባለበት ነጭ መካከል ያለው ልዩነት ይደበዝዛል። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን መጠንም ይቀንሳል። ስለዚህ እናቴና እህቴ ሁለት ቀን የተከራከሩበት ቢጫነት ለአያቴ እምብዛም አይታይም። ለሳቸው የሚታየው አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ማለቱ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ግድግዳ ፊት ቆመው ሦስት የተለያየ ነገር እያዩ ነበር ማለት ነው። ቅድም ያነሣሁት «ካምታታህ የነጣውን ውሰድ» የሚለው ምክርም እዚህ ላይ አልሠራም። ምክሩ ክፍሉን ያውቃል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚውለውን ሰው ግን አያውቀውም። ሳሎኑ ክሬም ተቀባ። እናቴ እስከ ዛሬ «የዝሆን ጥርሱ ይሻል ነበር» ትላለች፣ ለሷ ዓይን ልክ ልትሆን ትችላለች።

እዚህ ላይ «ታዲያ የከፈለው ሰው ምንም ድምፅ የለውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አለው። ከፋዩ በጀቱን ይወስናል፣ የትኛው ዓይነት ቀለም እንደሚገዛ ይወስናል። ነገር ግን ሁለቱ ቀለሞች በዋጋ እኩል ከሆኑ በኋላ የሱ ድምፅ ከሌላው አይበልጥም። እንዲያውም በመርሕ ደረጃ መስማማት የሚገባን ይመስለኛል፤ ቀለሞቹ በተቀራረቡ ቁጥር ምርጫው ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰዓት ለሚያሳልፈው ሰው ይሰጥ። ኩሽና ከሆነ ለሚያበስለው ወይም ለምታበስለዋ። የልጆች መኝታ ከሆነ ለልጆቹ። ሳሎን ከሆነ ቤት ለሚውለው። እንግዳ ለሁለት ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ቡናውን ጠጥቶ «ቤታችሁ እንዴት አምሯል!» ብሎ ይሄዳል። እኛ ግን ሳሎናችንን የምናስቀባው ለዚያ ለሁለት ሰዓት እንግዳ ነው። የውጪ ግድግዳ የመንገዱም የአላፊ አግዳሚውም ነው፤ በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በየዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎች ግራጫ ሲለብሱ እንዳየነው፣ ባለቤቱ ብቻውን የሚወስንበት አይደለም። የቀረን የውስጡ ነው። እሱን እንኳ ለሚኖርበት ሰው እንተውለት።

ቀለሞቹን እንደ ሁለት መልክ ብቻ ማየትም አይበቃም። ካርቶኖቹን በየሰዓቱ አይተን፣ ቤተሰቡን ጠይቀን አሁንም እኩል ከሆኑ ዓይናችንን ከግድግዳው አንሥተን ወደ ቆርቆሮው እንመልስ። የትኛው በእርጥብ ጨርቅ ይታጠባል? የትኛው ሽታው ቶሎ ይለቃል? የሊድ ጉዳይስ? ሊድ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው፤ በብዛት የሚገኘውም በዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በደማቅ ቢጫና ቀይ ዓይነቶቹ ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ሻጩን «ሊድ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። በር፣ መስኮትና የልጆች አልጋ በዘይት ቀለም ስናስቀባ ደግሞ ጥያቄው ከክሬምና ከዝሆን ጥርስ ክርክር ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልደምድም። ብዙ ቀቢዎች ቀለሙን እዚያው ነው የሚያዘጋጁት፤ ነጩ ባልዲ ውስጥ ማቅለሚያውን ጠብ ጠብ እያደረጉ በዓይናቸው ይመዝናሉ። እጃቸው የሚደነቅ ነው፣ ሚዛን ግን አይደለም። ስለዚህ ለክፍሉ የሚበቃው ሁሉ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ ይበጥበጥ። ግማሹ አልቆ ሌላ ባልዲ ከተበጠበጠ አንድ ቀለም መርጠን ሁለት ተቀራራቢ ቀለሞች ግድግዳችን ላይ ይቀመጣሉ። ከቆርቆሮ የሚገዛም ቢሆን ስሙን ብቻ አምኖ መሄድ አያዋጣም። የአንዱ ፋብሪካ «ክሬም» የሌላው ፋብሪካ «ክሬም» አይደለም። ስም የሚሰጠው አምራቹ ነው፣ ቀለሙን የሚያየው ግን ነዋሪው ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚነገረን ነገር አለ። ቦታው ድረስ ሂዱ፣ በራሳችሁ ዓይን እዩ፣ ጉዳዩ የሚነካውን ሰው ጠይቁ። ሁለት ቀለም ለመምረጥም ከዚህ የተለየ ትምህርት አያስፈልግም። ካታሎግ እንደ ርዕስ ነው፣ ዜናው ግድግዳው ላይ ነው። «ያው ነው» የሚል ሰው ሲገጥመን ለመከራከር አንቸኩል። በትሕትና «ለማን?» ብለን እንጠይቀው። ብዙውን ጊዜ መልሱ «ለኔ» ይሆናል። ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ሰው መፈለግ እንጀምር። ምናልባት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያዳምጠን ይሆናል።